ግድቡ አጠገባችን፣ መብራቱ የለም፦ ከኦሞ ናዳ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ጅማ ዞን፣ ኦሞ ናዳ ወረዳ ነው፤ መምህር ነኝ። ከቀበሌያችን ኮረብታ ላይ ሲቆሙ የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ይታያል። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመርም በማሳችን ላይ ያልፋል። እኛ ግን 200 አባወራ ሆነን በኩራዝና በባትሪ እናመሻለን። ወጣቶቹ ‹ከዚሁ መስመር በትራንስፎርመር ቀንሰው ቢሰጡን ምን ነበረበት?› ይላሉ። ‹ለኬንያ እየተሸጠ ለእኛ ከየት ይምጣ› የሚሉም አሉ። አሁን ደግሞ ቴክኒሻን ነኝ ያለ ሰው ወንዛችንን አይቶ ‹12 ሜትር ቁልቁለት አላችሁ፣ 50 ኪሎዋት አወጣላችኋለሁ፤ ምጣዱም ወፍጮውም ይሠራል› አለን። ከየቤቱ 3,000 ብር እንድናዋጣ ጠይቋል። ወንዙ በክረምት አያሻግርም፤ በበጋ ግን ይቀንሳል። ዕድሩ ሰኞ ይሰበሰባል። እንክፈል ወይስ ይቅርብን?»

አትክፈሉ። ሰኞ ከዕድሩ ሳጥን አንድ ብር እንዳይወጣ። ሰውየው አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሰውየውን አላውቀውም። ነገር ግን የነገራችሁ ቁጥር ከወንዛችሁ ጋር አይገጥምም። ወንዙ ላይ ከመድረሴ በፊት ግን ከግድቡና ከመስመሩ ልጀምር። ምክንያቱም በጥያቄው ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል፦ ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል። የእናንተ ችግር ሦስተኛው ላይ ነው። ቁጭታችሁ ግን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ላይ ነው።

አጠገባችሁ ያለው ውኃ የዋዛ አይደለም። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ከተርባይኖቹ የወጣው ውኃም አብዛኛው በዚያው አይቀርም። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ በተራራ ሥር አልፎ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ወዳለው ጊቤ ሁለት ይወርዳል። እዚያ 420 ሜጋዋት ይጠብቀዋል። ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ የሚኖረው እናንተ ከኮረብታ ላይ በምታዩት ውኃ ነው። በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ በሳምንታት ውስጥ የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ለወራት መቆሙን የዘርፉ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከዚያ ደግሞ ኦሞ ወንዝ ተቀብሎት ወደ ጊቤ ሦስት ይወስደዋል፦ 1,870 ሜጋዋት። አንዱ ውኃ ሦስት ቦታ ይሠራል ማለት ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 2,474 ሜጋዋት ይሆናሉ።

ይህ ሁሉ ኃይል ግን «የጅማ» ወይም «የአዲስ አበባ» ተብሎ አይለይም። ከጣና በለስ፣ ከተከዜ፣ ከፊንጫ፣ ከህዳሴ ግድብ ከሚመጣው ጋር በአንድ ብሔራዊ መረብ ውስጥ ይቀላቀላል። አዲስ አበባ የሚበራላት ግድብ ስላላት አይደለም። ማከፋፈያ ጣቢያዎች ስላሏትና ከየጣቢያው ወደ ሰፈር የሚወርድ መስመር ስላላት ነው። ለመብራት የሚበጀው ለግድብ መቅረብ ሳይሆን ለማከፋፈያ ጣቢያ መቅረብ ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ አይደለም እላችኋለሁ። ለውኃው መሬታቸውን የለቀቁ አባወራዎች ባሉበት አካባቢ መብራት ቀድሞ መግባት ነበረበት። ግን ፍትሕ የጎደለበት ነገር ሁሉ በአንድ ትራንስፎርመር የሚስተካከል አይደለም።

አሁን ወደ መስመሩ። ወጣቶቹ የሚሉትን በየገጠሩ እሰማዋለሁ። በሀገራችን በትልልቅ የብረት ማማ ላይ የሚሄደው መስመር 132፣ 230 ወይም 400 ሺህ ቮልት ነው። ከህዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የመጣው 500 ሺህ ነው። በማሳችሁ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ለመገመት ማማው ላይ ሽቦውን ይዘው የተንጠለጠሉትን ሲኒዎች (ኃይሉ ወደ ማማው እንዳያልፍ የሚከለክሉትን ክብ ሳህኖች) ከሩቅ ሆናችሁ ቁጠሩ። በአንድ ሰንሰለት 10 አካባቢ ከሆኑ 132 ሺህ ሊሆን ይችላል። 14 ወይም 15 ከሆኑ 230 ሺህ። ከ20 በላይ ከሆኑ 400 ሺህ። ግምት ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። የቤታችሁ ምጣድ የሚፈልገው 220 ቮልት ነው።

ለምን እንዲህ ከፍ ተደረገ? 100 ሜጋዋት በ400 ሺህ ቮልት ሲጓዝ በእያንዳንዱ ሽቦ የሚያልፈው ወደ 144 አምፒር ነው። ያው 100 ሜጋዋት በ15 ሺህ ቮልት ቢላክ ግን ከ3,800 አምፒር በላይ ይሆናል። ሽቦው ይግላል፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ ሩቅ መንገድ የሚሄደው በከፍተኛ ቮልት ነው። ወደ ሰው ሲቀርብ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም 15 ሺህ ይወርዳል። ከዚያ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ወደ ቀበሌ ይሄዳል። ምሰሶ ላይ የተሰቀለችው ትንሿ ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ 380 እና 220 ቮልት ታወርደዋለች። ወጣቶቹ በየከተማው የሚያዩት ይህችን ነው። እሷ የምትቀበለው 15 ወይም 33 ሺህ እንጂ 400 ሺህ አይደለም።

ከ400 ሺህ ቮልት ላይ ለመቀነስ ሙሉ ጣቢያ መገንባት ያስፈልጋል። ትልቅ ትራንስፎርመር፣ መስመር የሚቆርጡ ብሬከሮች፣ የመከላከያ መሣሪያዎች፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ ቀንና ሌሊት የሚቆይ ሠራተኛ ይፈልጋል። ዋጋው በሚሊዮን ዶላር ነው። ለ200 ቤት ማንም አይሠራውም፤ ባይሠራውም አልፈርድበትም። ሌላም ጣጣ አለ። ዋናው መስመር በየመንደሩ ቢነካካ፣ አንድ ቀበሌ ላይ ዛፍ ሽቦ ላይ በወደቀ ቁጥር ጅማ ከተማ ሊጨልም ይችላል። ለዚህ ነው መስመሩ በላያችሁ ሳይቆም የሚያልፈው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ልጨምር። ሽቦ ወርውሮ «ለመሞከር» የሚያስብ ጎረምሳ ካለ ዛሬውኑ አስቁሙት። በዚህ ቮልት ሽቦውን መንካት አያስፈልግም፤ መቅረብ ብቻውን ይገድላል። ከሥሩ ባሕር ዛፍ አትትከሉ፤ ቤት አትሥሩ። በመስመሩ ሥር ረጅም የሽቦ አጥር ካላችሁ ሲነኩት ቢነዝራችሁ አትገረሙ። ከላይ ያለው መስመር ሳይነካው ኃይል ያሳድርበታል። አጥሩን ከመሬት ጋር በብረት ማገናኘት ይቻላል፤ ይህን ግን ለወረዳው ባለሙያ ተናግራችሁ አሠሩ።

የኬንያውን ነገር በአጭሩ። ሀገራችን ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ትሸጣለች። ወደ ኬንያ የሚሄደው ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚዘልቅ 500 ሺህ ቮልት ዳይሬክት ከረንት (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ) መስመር ነው። ያ ሽያጭ ነገ ቢቆም እናንተ ቤት አንድ አምፖል አይበራም። የጎደላችሁ ኃይል አይደለም፤ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። ብዙው ከውጭ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ሽያጩ ደግሞ ዶላር ያመጣል። ስለዚህ የምትጠይቁት «ለምን ይሸጣል?» ብላችሁ ሳይሆን «ከሽያጩ የተገኘው ለገጠር መስመር ስንት ዋለ?» ብላችሁ ቢሆን ይሻላል። ይህ ሕጋዊ ጥያቄ ነው፤ ለተመራጫችሁ አንሱት።

ጥያቄውን ለማን እንደምታቀርቡም ይለይ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ግን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚባለው ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመርም ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚባለው ያከፋፍላል፤ ቆጣሪ የሚያስገባውም ቢል የሚሰበስበውም እሱ ነው። ግድቡ በር ላይ ሄዶ መብራት ስጡን ማለት የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። ደብዳቤያችሁ መሄድ ያለበት ወደ አገልግሎቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2017 ዓ.ም. ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማድረስ አቅዶ ነበር፦ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ፣ በተለይ በፀሐይ። ዓመቱ አለፈ። ህዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። እቅዱ ግን አልሞላም። የዘገየው ማከፋፈሉ ነው።

እንግዲህ ወንዙ። ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው።

ውኃ ኃይል የሚሰጠው በሁለት ነገር ነው፦ በየሰከንዱ ስንት ውኃ ይወርዳል፣ ከስንት ሜትር ከፍታ ይወርዳል። ለመንደር ሥራ የሚበቃ ቀላል ስሌት አለ። የውኃውን መጠን በሜትር ኩብ በሰከንድ ያዙ፤ በከፍታው ሜትር አባዙ፤ ከዚያ በ5 አባዙ። የሚወጣው ኪሎዋት ነው። መጽሐፍ ላይ ቁጥሩ 9.81 ነው። ግን ቧንቧው፣ ተርባይኑና ጄኔሬተሩ የየድርሻቸውን ስለሚበሉ፣ በትንሽ ሥራ ግማሹ ከተገኘ ደግ ነው። በ9.81 አስልቶ የሚመጣላችሁን ሰው ጠርጥሩ።

50 ኪሎዋት ከ12 ሜትር ለማውጣት ስንት ውኃ ያስፈልጋል? 50 ለ60 ስናካፍል 0.83 ሜትር ኩብ፤ ማለትም በሰከንድ 830 ሊትር ገደማ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቡ። በየሰከንዱ 41 ጀሪካን። በሐምሌ ይኖራችሁ ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያስ? እናንተው «ይቀንሳል» ብላችኋል። የሚፈለገው መልስ የዚያ ወር መልስ ነው። ጊቤ በሚያዝያ የሚሠራው የሐምሌን ውኃ እንደ ጎተራ እህል አስቀምጦ ስለሚበላ ነው። እናንተ ጎተራ የላችሁም። በየቀኑ የመጣውን በየቀኑ ነው የምትበሉት። ስለዚህ የትንሽ ወንዝ አቅም የሚለካው በደረቁ ወር እንጂ በጎርፉ ወር አይደለም።

ለኩት። ገንዘብ አያስወጣም። ወንዙ ቀጥ ብሎ፣ ሳይናወጥ የሚፈስበትን 10 ሜትር ምረጡ። ከላይና ከታች ገመድ አቋርጡበት። ስፋቱን ለኩ። ጥልቀቱን አምስት ስድስት ቦታ ላይ በዱላ ለኩና አማካዩን ያዙ። ከዚያ ከላይኛው ገመድ በላይ ሎሚ ወይም ብርቱካን ጣሉ። ቡሽ ወይም ባዶ ሃይላንድ አይሁን፤ ነፋስ ይገፋዋል። ሎሚ ግን አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚገባ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ከገመድ ገመድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በስልክ ያዙ። ጥቂት ጊዜ ደጋግሙት፤ ዳር ላይ የተያዘውን ሎሚ አትቁጠሩ። የላይኛው ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን የተገኘውን ፍጥነት በ0.7 አባዙት።

ምሳሌ ልስጥ። ስፋቱ 1 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሎሚው 10 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ጨረሰ እንበል። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው፤ በ0.7 ሲባዛ 0.28። በስፋቱና በጥልቀቱ ሲባዛ 0.056 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 56 ሊትር። ከ12 ሜትር ሲወርድ 0.056 በ12 በ5፦ 3.4 ኪሎዋት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። ያ ሁሉ ወንዝ፣ ያ ሁሉ መዋጮ፣ አንድ ምጣድ። ለ200 ቤት ቢከፋፈል ደግሞ ለአንድ ቤት 17 ዋት ይደርሳል። ሁለት አምፖልና ስልክ ነው። ያውም ወንዙን እስከ ጠብታው ካሟጠጣችሁት ነው። ከታች ከብት የሚያጠጣና መስኖ የሚጠልፍ ጎረቤት አላችሁ። ቢያንስ ሲሶው ለወንዙ መቅረት አለበት።

ከፍታውንም በዓይን አትቀበሉ። ፏፏቴ ሁልጊዜ ከእውነቱ በላይ ረጅም ሆኖ ይታያል። የስልክ አፕም አይሆንም፤ ከፍታ ላይ በ10 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። የእናንተ ጠቅላላ ከፍታ 12 ሜትር ነው እኮ። ግንበኞች ወለል የሚያስተካክሉበት በውኃ የተሞላ ግልጽ ጎማና ሁለት ምልክት ያለበት ዱላ ይበቃል። አንዱ ሰው ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆኖ ደረጃ በደረጃ እየወረዳችሁ ልዩነቱን ደምሩ። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ።

እንበልና ሰውየው እውነቱን ሆኖ 50 ኪሎዋት ተገኘ። እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ 14 ምጣድ ነው የሚያስጥደው። በ200 ቤት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስንት ሴት ናት እንጀራ የምትጋግረው? አሥራ አምስተኛዋ ምጣዷን ስትሰካ ሁሉም ይጠፋል። ከዚያ ጭቅጭቁ ከዕድሩ አልፎ ቤተ ዘመድ ያጣላል። በአነስተኛ የውኃ ኃይል የተሠሩ ብዙ የመንደር ሥራዎች መጀመሪያ የሚሰበርባቸው ተርባይን አይደለም፤ ስምምነት ነው። ምጣድ የሚፈቅድ የመንደር ማመንጫ ቃል የሚገባላችሁ ሰው ወይ ስሌት አያውቅም፣ ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ነው።

ቴክኒሻኑን ሌላም ጠይቁት። ሰዎች መብራት ሲያጠፉ ተርባይኑ ሸክም ስለሚቀልለት ይፈጥናል፤ ቮልቱ ይዘላል። በዚያች ቅጽበት የተሰኩት ቴሌቪዥንና ቻርጀር ሊቃጠሉ ይችላሉ። ይህን የሚከላከል ሎድ ኮንትሮለር የሚባል መሣሪያ አለ። ትርፉን ኃይል ወደ ማሞቂያ አዙሮ በውኃ ውስጥ ያጠፋዋል። «እሱን በቫልቭ እናስተካክላለን» ካላችሁ ሌሊት ሙሉ ቫልቭ ሲያጠብቅና ሲያላላ የሚያድር ዘበኛ ያስፈልጋችኋል። ግራውንድስ? ብሬከርስ በየቤቱ? ሽቦው ፕላስቲክ የለበሰ ነው ወይስ ባዶ? ባዶ ሽቦ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ተዘርግቶ ሕፃናት በሥሩ ሲሮጡ ማየት አልፈልግም። የመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ የውኃ መጥለፊያውን ይዞ ሲሄድ ማን ይጠግናል? መልሱ በጽሑፍ ካልመጣ መልስ አይደለም። ፈቃድም አለ። ውኃ ጠልፎ ኃይል አመንጭቶ ለሰው መሸጥ የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። መጀመሪያ የምትሄዱት የወረዳው ውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር በኋላ መስመር ሲመጣ ካሳም ቦታም አያገኝም።

ይህን ስል ትንሽ የውኃ ኃይል አይሠራም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ አጠገብ፣ 5 ሜጋዋት ያለው የሶር ጣቢያ ከብሔራዊ መረቡ ውጭ ሆኖ የአካባቢውን ከተሞች አብርቷል። ሲዳማ ውስጥም ጎቤቾ፣ ኤረርቴና ሀገራ ሶዲቻ በሚባሉ ቦታዎች ከ60 ኪሎዋት በታች የሆኑ የመንደር ማመንጫዎች ተሠርተዋል። ግን እነዚህ የሠሩት የተለካ ውኃ፣ ከውጭ የመጣ የቴክኒክና የገንዘብ ድጋፍ፣ ለጥገና የተደራጀ ማኅበር ይዘው ነው። ከየቤቱ 3,000 ብር ተዋጥቶ በአንድ ሰው ቃል አይደለም። 600,000 ብር ለዕድር ብዙ ነው፤ ለ50 ኪሎዋት ማመንጫ ግን ቧንቧና ሽቦውን እንኳ አይሸፍንም። ይህ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ቀዳሚው ሥራ መስመሩን መጠየቅ ነው። በደንብ ተዘጋጅቶ መጠየቅ። «መብራት ይሰጠን» የሚል ባለ አንድ ገጽ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ከቀበሌው ደብዳቤ ጋር የአባወራውን ቁጥር፣ ቤቶቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንዳሉ የሚያሳይ ንድፍ፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ኬላውን፣ በናፍጣ የሚሠሩትን ወፍጮዎች፣ የቡና መፈልፈያ ካለም እሱን ጽፋችሁ ያዙ። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አጣሩ፦ በቅርብ ያለው የ15 ወይም የ33 ሺህ ቮልት መስመር ከእናንተ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? በሞተር ሄዳችሁ ምሰሶውን እስክታገኙ ለኩት። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ከሆነ ተስፋችሁ ቅርብ ነው። 15 ወይም 20 ከሆነ ደግሞ እውነቱን አውቃችሁ ሌላውን መንገድ በጊዜ ያዙ። ከአገልግሎት መስጫ ማዕከሉም ቀበሌያችሁ በእቅድ ውስጥ ይኑር አይኑር በጽሑፍ ጠይቁ። ወፍጮውን የጨመርኩት ያለ ነገር አይደለም። አምፖል ብቻ የሚያበራ መንደር ለአገልግሎቱ ገቢው ትንሽ ነው። ቀን ቀን የሚሠራ ሞተር ያለው መንደር ግን መስመሩን የሚከፍል ደንበኛ ነው።

መስመሩ ሲፈቀድ ደግሞ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል በሦስት ሽቦ የሚያመጣ መሆኑን አረጋግጡ። ለመብራት አንድ ፌዝ ይበቃል ብለው ቢዘረጉላችሁ ወፍጮው ቆሞ ይቀራል። የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ አምፒር ስለሚጎትት ማስነሻው ስታር ዴልታ የሚባለው፣ ሞተሩን በሁለት ደረጃ ቀስ አድርጎ የሚያስነሳው ይሁን። አለዚያ ወፍጮው በተነሳ ቁጥር የቀበሌው መብራት ጭልጭል ይላል። የትራንስፎርመሩንም መጠን ጠይቁ። 50 ኬቪኤ (በግምት 50 ኪሎዋት የሚሸከም) ከሆነ ከላይ ያልኳችሁ የ14 ምጣድ ታሪክ ይደገማል። ለ200 ቤት በኋላ የምጣድ ፍላጎት እንደሚመጣ ከአሁኑ ተናገሩ። ብዙ የገጠር ከተማ ትራንስፎርመር የሚቃጠለው ኃይል ጠፍቶ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ነው።

መስመሩ እስኪመጣ ለመብራት ፀሐይ ያዙ። 10 ወይም 20 ዋት ፓነል ያለው የቤት ሶላር ሁለት ሦስት አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ሬዲዮ ያጫውታል። ከላይ በምሳሌው ወንዙ ለአንድ ቤት ከሰጠው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ልዩነቱ በየቤቱ መሆኑና አንዱ ሲበላሽ ሁሉም አለመጨለሙ ነው። ለቤቱ መዋጮ የተባለው ገንዘብ እዚህ ላይ ይዋል፤ ካነሰ ከቁጠባ ማኅበር በብድር ይሞላ። ስትገዙ አትሸወዱ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈ ትልቅ ዋት ዋጋ የለውም። ባትሪው ሊትየም መሆኑን እዩ፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዋስትና በወረቀት ጠይቁ፤ ጅማ ከተማ ውስጥ ጥገና የሚሰጥ ሱቅ ይኑረው። ሶላር ምጣድ አያስጥድም። ለእንጀራው ለጊዜው ከሲሚንቶ የሚሠራውን፣ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ያዙ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። የሚሠሩት ሰዎች በዞናችሁ አይጠፉም።

ወንዙም ሥራ አይጣ። ጄኔሬተር ሳያስፈልግ ውኃው ራሱ ድንጋይ ሊያዞር ይችላል። የውኃ ወፍጮ አያቶቻችን ያውቁታል፤ ዛሬ ብረት ተርባይን ያለው የተሻሻለ ዓይነት አለ። አዝመራ ተሰብስቦ ወፍጮ የሚበዛው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ወንዛችሁ ገና ውኃ አለው። ኤሌክትሪክ ሆኖ ተመልሶ ሞተር እስኪሆን የሚጠፋው ኃይል እዚህ አይጠፋም። ወጪውም አንድ ወፍጮ ቤት ነው እንጂ የ200 ቤት ሽቦ አይደለም። እኔ ብሆን ከሰውየው ጋር የምነጋገረው በዚህ ላይ ነበር።

የመንደር ማመንጫውን የምደግፈው ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። አንደኛ፣ አገልግሎቱ በሚቀጥሉት ዓመታት መስመር እንደማያመጣላችሁ በጽሑፍ ሲነግራችሁ። ሁለተኛ፣ ምጣድ እንደማይሰካ፣ ለየቤቱ ከ50 ዋት በላይ እንደማይሰጥ ሁሉም ፈርሞ ሲስማማ፤ ለዚህም በየቤቱ ከልክ በላይ ሲጎተት የሚቆርጥ ብሬከር ሲገጠም። 50 ዋት በ200 ቤት 10 ኪሎዋት ነው፤ ማታ ለመብራት ይውላል፣ ቀን ደግሞ ትንሽ ወፍጮ ያዞራል። ሦስተኛው ልኬቱ ነው። ከ12 ሜትር 10 ኪሎዋት ለማውጣት በሰከንድ 170 ሊትር ወደ ቧንቧው መግባት አለበት። ሲሶውን ለታችኛው ሰው ስትተዉ ወንዙ ራሱ በሰከንድ 250 ሊትር መያዝ ይኖርበታል። በመጋቢት አጋማሽና በሚያዝያ፣ የበልግ ዝናብ ባልጣለበት ሳምንት፣ በተከታታይ ለኩት፤ የሚቻል ከሆነ ሁለት ዓመት። ቁጥሩን ቀን ጽፋችሁ በዕድሩ መዝገብ ያዙት። 250 ከሞላ ደብዳቤውን ይዛችሁ ወረዳው ውኃና ኢነርጂ ሂዱና ጥናት ይሠራላችሁ። ካልሞላ ወንዙን ለከብቱ፣ ለመስኖውና ለወፍጮው ተዉት።